የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ባሕር የተወሰደባት የሆላንድ መንደር

ጥያቄ፦ «ነዋሪነቴ አምስተርዳም ነው። ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣልኝ ማርከን ወደምትባለው ትንሽ መንደር ይዤ እሄዳለሁ። በቅርቡ ወስጃት የነበረችው ታላቅ እኅቴ ግን ‹ይህ ለቱሪስት ተብሎ የተሠራ እንጂ ሰው የሚኖርበት አይመስልም› ብላ ተከራከረችኝ። ቤቶቹ ለምን በምሰሶ ላይ እንደቆሙ፣ ለምን ጥቁር እንደሆኑ፣ ደሴት ነበረች የምትባለው መንደር ዛሬ እንዴት በመኪና እንደሚገባባት ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጣሁ። የመንደሯን ታሪክና ጠባይ ብታብራሩልን?»
ከአምስተርዳም፣ ኔዘርላንድስ

መልስ፦ ማርከን ሰው ተወልዶ የሚያድግባት፣ ተጋብቶ የሚኖርባትና የሚቀበርባት እውነተኛ መንደር መሆኗን ለእኅትዎ በእርግጠኝነት ሊነግሯቸው ይችላሉ። በሰሜን ሆላንድ ክፍለ ሀገር የምትገኝ ስትሆን እስከ 1991 ድረስ የራሷ ማዘጋጃ ቤት ነበራት፤ ከዚያ ወዲህ በዋተርላንድ ማዘጋጃ ቤት ሥር ትተዳደራለች (በዚህ ዓምድ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነዋሪዎቿ 1,800 ያህል ሲሆኑ፣ ለሥራ ከደረሱት ብዙዎቹ ማለዳ ወደ አምስተርዳምና ወደ አካባቢው ከተሞች ሄደው ማታ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። ይሁን እንጂ የእኅትዎ ጥርጣሬ ከመሬት የተነሣ አይደለም። መንደሯ ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ትርዒት ስትታይ ኖራለች፤ የምትተዳደርበት ባሕር ከተወሰደባት በኋላ ደግሞ መታየቱ ራሱ ከመተዳደሪያዎቿ አንዱ ሆነ። ይህ እንዴት እንደመጣ ለመረዳት ከውሃው መጀመር ያስፈልጋል።

ዛሬ ማርከንን የከበበው ውሃ ጨው የሌለው ሐይቅ ነው፤ ቀድሞ ግን ከሰሜን ባሕር ወደ አገሪቱ እምብርት ሰርጎ የገባ፣ ዞይደርዜ የሚባል የባሕር ሰርጥ ነበር። በመካከለኛው ዘመን አካባቢው ከበሰበሰ ዕፅዋት የተከማቸ ልልና ረግረጋማ መሬት ስለነበር፣ በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ዘመን ተደጋግመው የመጡት የባሕር ማዕበሎች መሬቱን እየቆረሱ ወሰዱት። ከእነዚህም መካከል በታኅሣሥ 1287 የደረሰው ጎርፍ በሰሜን ኔዘርላንድስና በአጎራባቿ የጀርመን ጠረፍ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ እንደጨረሰ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ማርከንም በዚያ ዘመን ከዋናው መሬት ተቆርጣ ደሴት ሆና ቀረች። በ13ኛው መቶ ዘመን በሰሜን ኔዘርላንድስ በፍሪስላንድ ከነበረው የማርየንጋርደ ገዳም የመጡ መነኮሳት ደሴቲቱን ይዘው ያርሱና ከብት ያረቡ ነበር፤ የመጀመሪያውን የመከላከያ ክትር የሠሩትም እነርሱ እንደሆኑ ይታመናል። በ14ኛው መቶ ዘመን በሆላንድ ገዥዎችና በፍሪስላንድ መካከል በተነሣው ጦርነት ሳቢያ መነኮሳቱ ይዞታቸውን አጡ፤ ገበሬዎቹ ግን ከነክትራቸው ቀሩ።

ክትሩ ዝቅተኛ ነበር፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ባሕሩ እየዘለለው ግጦሹን ያጥለቀልቀው ነበር። የማርከን ሰዎች ታዲያ ውሃውን ጨርሰው ለማስቀረት አቅም ስላልነበራቸው ከእርሱ ጋር መኖርን መረጡ። አፈር በእጅ እየቆለሉ ጉብታዎችን ሠሩና ቤቶቻቸውን በጉብታዎቹ ላይ አሰፈሩ፤ ማዕበል ሲመጣ ሜዳው ባሕር ይሆናል፣ እያንዳንዱም ጉብታ ለብቻው ትንሽ ደሴት ይሆናል። ዛሬም ከመንደሩ መሐል ወጣ ብለው ቢመለከቱ፣ በጠፍጣፋው አረንጓዴ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም ከፍ ብለው ተጨናንቀው የቆሙ የቤት ስብስቦችን ያያሉ፤ የየጉብታው ሰፈር የራሱ ስም አለው። ቤቶቹ እንዲህ ተጠጋግተው፣ በመካከላቸውም ሁለት ሰው ጎን ለጎን ለማለፍ የሚቸገርበት መተላለፊያ ብቻ ቀርቶ የተሠሩት፣ ደረቅ መሬት በክንድ የሚለካ ሀብት ስለነበር ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን የሕዝቡ ቁጥር ሲጨምር ጉብታዎቹ ሞሉ። ጉብታን ማስፋት እጅግ ብዙ ጉልበትና አፈር ስለሚጠይቅ፣ ሰዎቹ ከጉብታው ሥር ባለው ዝቅተኛ መሬት ላይ እንጨት እየተከሉ ቤታቸውን በምሰሶ ላይ ማቆም ጀመሩ። እኅትዎ የጠየቁት ምሰሶ ይህ ነው። በተለይ ኬርክቡርት በሚባለው የቤተ ክርስቲያን ሰፈርና ሃቨንቡርት በሚባለው የወደብ ሰፈር በብዛት ይታያል። ማዕበል ሲነሣ ውሃው ከቤቱ ወለል በታች በምሰሶዎቹ መካከል ገብቶ በሌላው በኩል ይወጣ ነበር። ባሕሩ ከተዘጋ በኋላ ግን ያ ክፍት ቦታ ስለማያስፈልግ ብዙዎቹ ግድግዳ አበጅተውለት ዕቃ ቤት ወይም መኖሪያ ክፍል አድርገውታል። ስለዚህ አንድን ቤት ቆም ብለው ቢያስተውሉ፣ ደረጃ ወጥተው የሚደርሱበት የፊት በር ከመንገዱ ከፍ ብሎ እንደተቀመጠ፣ ከእርሱ በታች ያለው መስኮትና በር ደግሞ በኋላ ዘመን የተጨመረ መሆኑን መለየት አያዳግትዎትም። ጥቁሩ ቀለም እንጨቱን ከእርጥበትና ከጨዋማ ነፋስ ለመጠበቅ የሚቀባ ካትራም ነበር፤ አረንጓዴ የተቀቡትም ቤቶች ከጥቁሮቹ ጎን አሉ፣ የመስኮቶቹና የጣሪያው ጠርዝ ግን በሁለቱም ዘንድ ነጭ ነው።

ስለ ቤቶቹ ካነሣን፣ ከኬርክቡርት ትንንሽ ቤቶች ስድስቱ ዛሬ የመንደሩ ሙዚየም ስለሆኑ ገብተው ቢያዩአቸው እንመክራለን። እነዚህ ቤቶች የጭስ ማውጫ ጉሮሮ አልነበራቸውም፤ እሳቱ በቤቱ ውስጥ ይነድና ጭሱ እንደ ገጠሩ ጎጆ ቤታችን ወደ ጣሪያው ወጥቶ በቀዳዳ ይተን ነበር። አልጋው በግድግዳው ውስጥ እንደ ቁም ሣጥን የተሠራ ሲሆን፣ በጥልፍ ያጌጡ ትራሶች ተደራርበው ለዓይን የሚቀመጡበት፣ ማንም የማይተኛበት የክብር አልጋም አለ። ግድግዳው በሸክላ ሳህኖች የተሸፈነ ነው። በምሰሶ ላይ በቆመች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን ሁሉ ጌጥ ያየ ሰው የማርከንን ሕዝብ ከድህነቱ ብቻ አንፃር አይመለከተውም።

መተዳደሪያቸው በጥንት ጊዜ ግጦሽ፣ ከብትና ድርቆሽ፣ እንዲሁም በሰፊ ባሕር ላይ መርከበኝነት ነበር። በ1837 ወደብ ከተሠራላቸው በኋላ ግን ማርከን የለየላት የዓሣ አጥማጆች መንደር ሆነች። ዞይደርዜ ጥልቀት የሌለው ባሕር በመሆኑ፣ ቦተር የምትባለው ጀልባቸው ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ሸራዋ ቡናማ፣ በጎንና በጎኗ እንደ ክንፍ የሚወርድና የሚነሣ ሰሌዳ ያላት ነበረች። ሄሪንግና አንቾቪ የሚባሉትን የባሕር ዓሦች፣ እንዲሁም ኢል የሚባለውን እባብ መሰል ዓሣ ያጠምዱ ነበር። ወንዶቹ ሰኞ ወጥተው ቅዳሜ ስለሚመለሱ፣ በሳምንቱ ቀናት ቤቱንም መንደሩንም የሚያስተዳድሩት ሴቶች ነበሩ። እሑድ ሁሉም በቤተ ክርስቲያን ይገናኛል። አሁን የምናየው የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን በ1904 የተሠራ ሲሆን፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉት የመርከብ አምሳያዎች ይህ ጉባኤ ኑሮውንና ጸሎቱን ለይቶ የማያይ እንደነበረ ያሳያሉ።

ከዚያም 1916 መጣ። ከጥር 13 ለ14 አጥቢያ በሌሊት የተነሣው ማዕበል የዞይደርዜን ክትሮች በየቦታው በጣሰ ጊዜ በማርከን 16 ሰዎች ሞቱ፤ ቤቶች ፈረሱ፣ ጀልባዎችም ከወደቡ ተነሥተው በየብስ ላይ ተጣሉ። በዚህች ትንሽ መንደር ውስጥ 16 ሰው ማለት ሁሉም ቤተሰብ ከሟቾቹ አንዱን በዘመድነት ወይም በጉርብትና የሚያውቅበት ሐዘን ነው። ማዕበሉ ለዓመታት ሲንከባለል የነበረ አንድ ትልቅ ዕቅድንም ቀሰቀሰ። መሐንዲሱ ኮርኔሊስ ሌሊ ዞይደርዜን በግድብ ዘግቶ ከፊሉን ወደ እርሻ መሬት የመለወጥ ዕቅዱን ያቀረበው በ1891 ነበር፤ ነገር ግን ወጪው አስፈሪ በመሆኑ ጉዳዩ ሲጓተት ቆይቷል። የ1916ቱ ጥፋትና በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የደረሰው የምግብ እጥረት ተደምረው፣ ሌሊ ሚኒስትር በነበሩበት በ1918 የዞይደርዜ ሕግ ጸደቀ። 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አፍስሎይትዳይክ የተባለው ግድብ ግንቦት 28 ቀን 1932 የመጨረሻው ክፍተት ተደፈነ፤ ባሕሩም ከዚያ ወዲህ አይሰልሜር የሚባል ሐይቅ ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ ምክንያቱም ይህ ግድብ በኔዘርላንድስ ታሪክ እንደ ታላቅ ድል ሲነገር፣ ለማርከን ግን መዳኛም ኪሳራም ነበር። ከ1932 በኋላ መንደሪቱ እንደ 1916ቱ ያለ ሌሊት አላየችም። በዚያው ግድብ ሳቢያ ግን የባሕሩ መሙላትና መጉደል ቀረ፣ ጨው ውሃው ቀስ በቀስ ጣፈጠ፣ ሄሪንግና አንቾቪ ከባሕር ገብተው የሚራቡበት መንገድ ተዘጋ። ኢል ቢቀርም ያንን ሁሉ ጀልባ የሚቀልብ አልነበረም። መንግሥት ለተጎዱት ዓሣ አጥማጆች ድጎማ የሚሰጥ ሕግ በ1925 አውጥቶ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ የኖረ ሙያ በገንዘብ ብቻ አይተካም። ጀልባቸውን ሸጠው ወደ አምስተርዳም ፋብሪካዎችና ወደ ሌላ የቀን ሥራ የገቡት ብዙ ናቸው። በእኛ አስተያየት የዛሬዋን ማርከን የሠራት ከጥንቱ ጎርፍ ይልቅ ይህ ለውጥ ነው።

ወደ መኪናው መንገድ እንመለስ። የሌሊ ዕቅድ በማርከን ዙሪያ ያለውንም ውሃ አድርቆ ማርከርዋርድ የሚባል የእርሻ መሬት የመፍጠር ሐሳብ ነበረው። ለዚሁ ሥራ በ1941 ከደሴቲቱ ወደ ሰሜን አንድ ክትር ተጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት ተቋርጧል፤ ወደ ውሃው ገብቶ ድንገት የሚያልቅ ቁራጩን ዛሬም ማየት ይቻላል። ከጦርነቱ በኋላ ሥራው ቀጠለና በ1957 ማርከን ከዋናው መሬት ጋር በክትር ተያያዘች፤ እርስዎና እንግዶችዎ የምትነዱት በዚህ ክትር ላይ ነው። በሰባዎቹ ዓመታት አጋማሽ ደግሞ ሐይቁን ለሁለት የሚከፍለው ሆውትሪብዳይክ ተጠናቀቀ፤ በደቡብ የቀረውም ውሃ በመንደሪቱ ስም ማርከርሜር ተባለ። የማርከርዋርድ ነገር ለብዙ ዓመታት ካከራከረ በኋላ ግን ተተወ። ክርክሩ በሌላ መንገድ ቢያልቅ ኖሮ፣ ማርከን ዛሬ በእርሻ ማሳ ዳር ያለች፣ ወደቧ የተረሳ መንደር በሆነች ነበር።

አሁን እኅትዎ የተጠራጠሩበት ዋና ነገር ላይ ደርሰናል፤ ይኸውም አለባበሱና ቱሪስቱ ነው። የማርከን ሴቶች ልብስ ከቀይ፣ ከነጭና ከሰማያዊ ጨርቆች የተደራረበ፣ እጅጌው ባለ መስመር፣ ሰደርያው በእጅ የተጠለፈ፣ ደረቱ ላይ አበባማ ጨርቅ የሚታሰርበት ነው። ይህ አበባማ ጨርቅ በመጀመሪያ ከህንድ በደች ነጋዴዎች መርከብ የመጣ ነበር፤ ስለዚህ «ከዓለም ተለይተው የኖሩ» የሚባሉት ሰዎች የዓለም ንግድን በደረታቸው ላይ ይለብሱት ነበር ማለት ነው። ልብሱ ለማያውቅ ሰው አንድ ዓይነት ቢመስልም ለመንደሩ ሰው ግን እንደ ጽሑፍ የሚነበብ ነበር፤ ሐዘን ላይ ያለች ሴት የሐዘኗ ደረጃ፣ የዘመን መለወጫና የጰራቅሊጦስን የመሰለ በዓል፣ የሥራና የእረፍት ቀን ሁሉ በልብሱ ይለያል። ትንንሽ ወንዶችና ሴቶች ልጆች ደግሞ እስከ አምስትና ስድስት ዓመታቸው ድረስ አንድ ዓይነት ቀሚስ ይለብሱ ስለነበር፣ ወንዱን ከሴቷ በቆቡ ላይ ባሉ ጥቃቅን ምልክቶች የሚለየው የአገሩ ተወላጅ ብቻ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ የአምስተርዳም የሽርሽር ጀልባዎች፣ ሠዓሊዎችና ፎቶግራፍ አንሺዎች ወደ ደሴቲቱ መጉረፍ ጀመሩ። የሁሉም ጉጉት ንጹሕ አልነበረም። የዞይደርዜ ደሴቶች ሕዝብ ከሌላው ያልተቀላቀለ «ጥንታዊ ደች» ነው ብለው ያሰቡ የአካል ተመራማሪዎች የሙታናቸውን የራስ ቅል ሰብስበዋል፤ ከዚያ ቀደም ብሎ የኖረውና የሰውን ልጅ በዘር በመከፋፈል የሚታወቀው ጀርመናዊው ብሉመንባኽ ሳይቀር ከማርከን የተገኘ የራስ ቅልን የጥንታዊው ደች ናሙና አድርጎ ገልጾታል። በአውሮፓውያን ዓይን እንደ ናሙና መታየት የአፍሪካና የእስያ ሕዝቦች ዕጣ ብቻ አልነበረም፤ ከአምስተርዳም ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ያሉ ዓሣ አጥማጆችም ደርሷቸዋል። ይህን የምናነሣው እኛም ወደዚያች መንደር ስንሄድ በምን ዓይን እንደምናይ ማሰብ ስላለብን ነው።

የማርከን ሰዎችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በወደቡ አጠገብ ቤቷን ለጎብኚ የከፈተችውና የመታሰቢያ ዕቃ ትሸጥ የነበረችው ሳይቲዬ ቡስ በአገሪቱ ሁሉ የታወቀች ሴት ሆና ነበር። ዓሣው ሲጠፋ እንዲህ ያለው ንግድ ለብዙ ቤት እንጀራ ሆነ። ልብሱን በየቀኑ መልበስ እየቀረ ሄዶ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ የሚለብሱት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ብዙ ሰው የሚለብሰው በሚያዝያ ወር በሚከበረው የንጉሡ ቀንና በመሰል በዓላት ነው። ይህ ለቱሪስት የሚደረግ ማስመሰል ነው ለማለት እንቸገራለን፤ ሴት አያቷ የጠለፈችውን ሰደርያ ከሣጥን አውጥታ ለልጇ የምታለብስ እናት ለማንም ትርዒት እያሳየች አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጉዞዎ መኪናዎን መንደሩ መግቢያ ላይ ባለው ማቆሚያ ትተው በእግር ይግቡ። ከወደቡ ሱቆች ዘንድ ብቻ ሳይቀሩ እስከ ሩቆቹ ጉብታዎች ይዝለቁ። መጋረጃ በሌለው መስኮት አንገትን አስግጎ መመልከትና በሰው ግቢ ውስጥ ቆሞ ፎቶ ማንሳት ግን ነዋሪዎቹን የሚያስከፋ ነገር ነው።

ጥያቄ፦ «ከማርከን ማዶ ያለችው ቮለንዳምም የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። የሁለቱ ሕዝብ አንድ ነው?»
ከሮተርዳም፣ ኔዘርላንድስ

መልስ፦ በጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ቢራራቁም አንድ አይደሉም። ቮለንዳም በዋናው መሬት ላይ ያለች ካቶሊክ ከተማ ስትሆን ማርከን ፕሮቴስታንት ናት፤ ይህ ልዩነት ለብዙ ትውልድ ጋብቻን፣ በዓልንና ጉርብትናን ሲለይ ኖሯል። አነጋገራቸውም ይለያያል። በዓለም ሁሉ የደች ሴት ምልክት ተደርጎ የሚሣለው፣ ጫፎቹ እንደ ክንፍ የሚነሡት ነጭ ባለ ዳንቴል ቆብ የቮለንዳም እንጂ የማርከን አይደለም። ቮለንዳም በሕዝብ ብዛትም በገበያም እጅግ ስለምትበልጥ ባሕሩ ሲዘጋ የደረሰባትን ጉዳት በሌላ ሥራ ለመተካት የተሻለ ዕድል ነበራት።

ጥያቄ፦ «ባሕሩ በግድብ ከተዘጋ ማርከን አሁን ምንም የጎርፍ ስጋት የለባትም ማለት ነው? በዜና ስለ ክትሩ እድሳት የሰማሁ መሰለኝ።»
ከባሕር ዳር

መልስ፦ የሰሙት ትክክል ነው። ሐይቅ ቢሆንም ማርከርሜር ሰፊ ነው፤ ኃይለኛ ነፋስ ሲገፋው ውሃው በአንድ ወገን ተከማችቶ ክትሩን ይደበድባል። በከባድ ብርድ ወቅት ደግሞ የቀዘቀዘው ውሃ ተሰባብሮ በነፋስ ሲገፋ፣ የበረዶው ሰሌዳዎች እየተደራረቡ ወደ የብስ ይወጣሉ፤ በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ ከ1839 ጀምሮ የቆመው የመርከብ መብራት ማማ እንዲህ ባለው በረዶ ከአንዴም በላይ ተጎድቷል። ከሁሉም በላይ ግን መሬቱ ራሱ ችግር ነው። ቀደም ብለን የገለጽነው ልል አፈር ውሃው ሲቀዳለት ይኮማተራል፣ ይበሰብሳል፣ ስለዚህም መሬቱ ከዓመት ዓመት ዝቅ ይላል፤ በላዩ የተቆለለው ክትርም ከነክብደቱ አብሮ ይሰጥማል። ምርመራ ሲደረግ የደሴቲቱ ዙሪያ ክትር የአገሪቱን የደኅንነት መለኪያ ባለማሟላቱ፣ የመንግሥት የውሃና የመንገድ ሥራዎች መሥሪያ ቤት ክትሩን የማጠናከር ሥራ ጀምሯል። ሥራው አዝጋሚ የሆነውም በዚሁ አፈር ምክንያት ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አፈር ቢጫንበት መሬቱ ወደ ጎን ስለሚሸሽ፣ አንድ ንብርብር አሸዋ ተደርጎ እስኪረጋ ይጠበቃል፣ ከዚያ ሌላው ይጨመራል።